ጠፋህ እኮ ያልኩት ሰው

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባባ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዓይንዎ እንዴት ነው? አዲሱ መነጽር ተስማማዎት ወይስ አሁንም ጋዜጣውን ክንድዎ እስከሚችለው ድረስ ዘርግተው ነው የሚያነቡት? እማዬስ፣ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት? ደረጃ መውጣት ተዪ ቢሏት የምትሰማ ሰው እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ እንደው ለነገሩ ነው የምጠይቀው። እትዬና ባለቤቷ ደህና ናቸው? መንትዮቹ ጥርስ አወጡ? ታናሼስ ፈተናውን እንዴት ተወጣው? እርስዎ ፊት ሲያጠና መጽሐፉን ገልብጦ እንደማይዝ ተስፋ አለኝ፤ እኔ እንደዚያ አደርግ ስለነበር ነው።

ስለ ራሴ "ደህና ነኝ" ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ደህናም ነኝ፤ የእንፋሎት ካውያው ክንዴን ትንሽ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ አሁንም አንሶላና ፎጣ እተኩሳለሁ፤ በቀን የማጥፈውን አንሶላ ቢቀጣጥሉት እናንተ ደጅ ሳይደርስ አይቀርም። ነገር ግን "ደህና" የምትለዋን ቃል ስጽፍ እጄን ያዝ አደረገኝ። ከዓመት ከመንፈቅ በላይ በየደብዳቤዬ "ደህና ነው" እያልኩ የጻፍኩልዎት ነገር እውነት አልነበረም። አውቄ አልዋሸሁም፤ ግን ውሸቱ የእኔ ነው፣ ሰውም ጎድቷል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ድምፅዎን ከፍ አድርገው ለቤተሰቡ አያንብቡት። ሰላምታዬን ለእማዬ ያድርሱልኝና የቀረውን ለብቻዎ ያንብቡ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እዚያው ካለች ደግሞ ወረቀቱን አጥፈው ኪስዎ ይክተቱልኝ። ነገሩ ስለ እሷ ልጅ ነው።

ሰፈሩ ሁሉ ጭምቱ የሚለው ልጇ የኤሌክትሪክ ሙያውን ይዞ እኔ ወዳለሁበት ሲመጣ፣ "አደራ፣ እንደ ታናሽህ እየው" ብለው የጻፉልኝ ደብዳቤ ዛሬም ሻንጣዬ ውስጥ አለ። እኔ ከቤት ስወጣ እሱ ገና ፊደል ያልጨረሰ ሕፃን ስለነበር ድምፁን እንኳ በቅጡ አላውቀውም ነበር። ተቀበልኩት፣ ማደሪያ ፈለግሁለት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ወሰድኩት። ከኋላ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጥና ጉባኤው ሲያልቅ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይወጣል። "እንዴት ነህ?" ሲሉት "ደህና" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በጉጠት ቢጎትቱት አይወጣም። እንደዚህ እያለ አንድ ዓመት ያህል ተመላለሰና አንድ ሰሞን ቀረ። እኔ መቅረቱን ያወቅሁት ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው፤ እሱንም በዓይኔ አጥቼው ሳይሆን ከዝርዝር ላይ አንብቤ።

ዝርዝሩን ላስረዳዎት። በቤተ ክርስቲያናችን የክትትል አገልግሎት የሚባል አለ፤ እኔም ከስድስቱ አገልጋዮች አንዱ ነኝ። ከጉባኤ የቀሩ ሰዎችን ስልክና አድራሻ ከትልቁ መዝገብ ላይ በየካርዱ እንገለብጥና እንከፋፈላለን። ዝርዝሩ "የጠፉት" ይባላል። በሳምንት አንዴ እንደውልና ካርዱ ላይ እናሰፍራለን፦ "አግኝቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ እመጣለሁ ብሏል።" እሑድ እሑድ ደግሞ ስለ ጠፉት በድምፅ ማጉያ ይጸለያል፤ ብዙ ሰው ያለቅሳል። እንባው የውሸት አልነበረም፣ እኔም አልቅሻለሁ። ባለፈው ደብዳቤዎ "ለጠፉት ልብህ ይራራ" ብለው ሲመክሩኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ይህን እንኳ ለእኔ መንገር አያስፈልግም ነበር ብዬ ደረቴን ነፋ አድርጌያለሁ።

የጭምቱን ቁጥር ከመዝገቡ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ "የአንተ ሰባት ቆቡ የወለቀ አንድ ነው" እያሉ ስንት ጊዜ እንዳስደገሙኝ ያስታውሳሉ? ያ ሰባት እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል። መዝገቡ ላይ ሰባት የነበረውን በራሴ ጽሕፈት ገለበጥኩት፤ በሳምንቱ የገዛ ጽሕፈቴን ሳነብ አንድ አደረግሁትና ደወልኩ። ሰው አነሣ። ከበስተኋላው የሆነ ነገር ጥርስ በሚያፋጭ ድምፅ ይሰነጠቃል። እኔ እንደ ወጉ "ወንድሜ፣ ጠፋህ እኮ! አወቅኸኝ?" አልኩት። ሰውየውም እንደ ወጉ "እንዴ! እንዴት አላውቅህም! አለሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው" አለኝ።

እስቲ ይፍረዱኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል? እርስዎም እኮ መንገድ ላይ አቅፎ የሳመዎትን ሰው የልጆቹን ጤና ሳይቀር ጠይቀው ከተለያዩ በኋላ ነው እማዬን "ማን ነበር?" የሚሏት። "አላወቅሁህም" ማለት ለእኛ ሰው ነውር ነው። ሌላው ያጠፋኝ ደግሞ "ወንድሜ" የምትለው ቃል ናት። በእኛ ጉባኤ ወንዱ ሁሉ ወንድሜ፣ ሴቷ ሁሉ እህቴ ናት። መልካም ቃል ነው፤ ግን የሰው ስም መያዝ ለሚታክተን ሰዎች ጥሩ መሸሸጊያም ሆኖናል። አንድ ቀን እንኳ በስሙ ጠርቼው ቢሆን ስሕተቱ ያኔውኑ ይታረም ነበር። እኔ ግን አሥራ ስምንት ወር ሙሉ ወንድሜ ወንድሜ ስል ኖርኩ።

በየሳምንቱ እደውላለሁ፣ ያወራኛል። ጭምቱ አፍ አወጣ ብዬ ተገረምኩ። አለቃው እንዴት እንደሚያስነጥስ ሳይቀር አስመስሎ ያሰማኛል፤ ካውያውን አስቀምጬ እስቃለሁ። መንጃ ፈቃድ ልማር ነው አለኝ፤ እሱን ጻፍኩልዎት። ወፍሬያለሁ አለኝ፤ እሱንም ጻፍኩ። "ጉባኤስ?" ስለው "እመጣለሁ" ይለኛል፤ ካርዱ ላይ አሰፍራለሁ። እናቱ ጆሮዋ ስለሚከብዳት በስልክ መነጋገር አይሆንላትም፤ የልጇን ወሬ የምትሰማው እርስዎ የእኔን ደብዳቤ ጆሮዋ ሥር ጮኸው ሲያነቡላት ነው። "ልጄ መናገር ጀመረ!" ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች ብለው ጽፈውልኝ ነበር። ያን ቀን የተኮስኩት አንሶላ ሁሉ ሳይታወቀኝ አለቀ፤ እንደዚያ ነበር ደስ ያለኝ።

ልጇ በገዛ እጁ የሚጽፍላት፣ እርስዎ የሚያነቡላት ደብዳቤ ከተቋረጠባት ግን ዓመት አልፎ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፈሩን ታምስ፣ መንገደኛውን ሁሉ ታስቸግር ነበር። የእኔ "ደህና ነው" አረጋጋትና ቁጭ ብላ መስፋቷን ቀጠለች። አባባ፣ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እናት ልጇን እንዳትፈልግ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ጉዱ የፈላው ከሁለት ወር በፊት በመንገደኛ እጅ የላኩልኝ ጥቅል የደረሰ ዕለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ለልጇ የሰፋችውን ሱሪና ኮት አየሁና በምሳ ሰዓት ደወልኩ። "ወንድሜ፣ ዕድለኛ ነህ፤ እናትህ በገዛ እጇ የሰፋችው ልብስ መጥቶልሃል፣ ና ውሰድ" አልኩት። ያ የሚሰነጠቀው ነገር ጸጥ አለ። ቆየት ብሎ "እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው" አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ስል፣ "ይቅር በለኝ፣ የምትፈልገው ሰው እኔ አይደለሁም" አለ። አጠገቤ የነበረች ባልደረባዬ "ምነው፣ ሰው ሞተብህ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

በማግስቱ የዕረፍት ቀኔ ስለነበር የሚሠራበትን ጠይቄው ሄድኩ። መስታወት ቆራጭ ነው። የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ስፈልግ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ጣቶቹን በፕላስተር የጠቀለለ ጎልማሳ ተቀበለኝ። ልጮህበት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ እሱ ግን ወንበሩን በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጠኝና ራሱ ቆመ፣ ሊፈረድበት እንደሚጠብቅ ሰው። በሦስተኛው ጊዜ ገብቶት እንደነበር ነገረኝ። "ስልኬ ላይ የሚደውለው አለቃዬ ብቻ ነው፤ እሱም ዕቃ አምጣ ለማለት" አለ። "አንተ ደውለህ ጠፋህ አልከኝ። እኔን ጠፋህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ጠፋህ ለመባል እኮ የሚፈልግህ ሰው መኖር አለበት።" የነገረኝ ሁሉ ስለ ራሱ እውነት ነበር፤ መንጃ ፈቃዱም፣ መወፈሩም። የእናት ሰላምታ ስነግረው ዝም ብሎ ይቀበል የነበረውም ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሰማው ነው። "ሰላምታውን ወሰድኩ፤ የሌላ ሰው እናት ልብስ ግን ሰውነቴ ላይ አይሆንም" አለኝ። ቁጣዬ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

አንዱን ወደ ሰባት መልሰን ትክክለኛውን ቁጥር እዚያው ሆነን ደወልን፤ ተዘግቷል። ካርዱን አውጥቼ እስከ ታች አነበብኩት። ከስልኩ በታች አድራሻ ተጽፏል፤ እኔው ራሴ የፈለግሁለት ማደሪያ፣ ከሥራ ቦታዬ በእግር ሃያ ደቂቃ። በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ዓይኔ ከስልኩ መስመር ወርዶ አያውቅም። መስታወት ቆራጩ ሽርጡን ፈታና "እኔም እሄዳለሁ፤ የሰውየውን ሰላምታ ስበላ የኖርኩት እኔ ነኝ" አለ።

መንገድ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። "እናንተ ዝርዝር ላይ የሚጻፉት ከእናንተ ጋር የነበሩት ናቸው አይደል? እንግዲህ እኔ ምን እባላለሁ? እናንተ ጋ መጥቼ ስለማላውቅ ልጠፋ እንኳ አልችልም።" የቀለደ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት፤ አልቀለደም።

የማደሪያው ባለቤት ሴትዮ በሩ ላይ እንደቆመች ነገረችን። ጭምቱ ከመሰላል ወድቆ የግራ ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጉባኤ የቀረው በዚያው ሳምንት ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሲመለስ ደረጃ መውጣት ስላልቻለ ከታች ባለችው ጠባብ ክፍል አስገባችው። "ሰው ይመጣል እያለ በሩን ገርበብ አድርጎ ነበር የሚውለው፤ ብርድ ይገባል ዝጋው ብለው እሺ አይለኝም" አለች። አራት ወር ጠብቆ በአምስተኛው በሩን ራሱ ዘጋው። ኋላም አንድ ቀለም ነጋዴ ከመጋዘኑ ጎን ባለች ክፍል አስጠግቶት ወደዚያ ሄደ። መጋዘኑ የት እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ከዚያ ዘማሪዎች ካሉበት አዳራሽ ጀርባ፣ ሁለተኛው መንገድ" አለችኝ። አዳራሹ የእኛ ነው።

የቀለም ጣሳ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ የሰው ካውያ ሲጠግን አገኘነው። ግራ እግሩ በብረት ድጋፍ ታስሮ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ ምርኩዙ ከውኃ ቧንቧ የተሠራ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። "እንዴት ነህ?" አልኩት። "ደህና" አለኝ። አባባ፣ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሱ ብሎኑን እንዳይጠፋ በጨርቅ ላይ አስቀመጠና ጠበቀኝ። አንድ ጊዜ ወደ ሥራ ቦታዬ ሰው ልኮ ፈረቃዬ እንዳልነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን "ከመጣም ራሱ ይምጣ" ብሎ እንደተወው ነገረኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ያ በስልክ የማውቀው ድምፅ በምንም አይመስለውም።

"ድምፅ ማጉያችሁ እዚህ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል" አለኝ። "እሑድ እሑድ ስለ ጠፉት ስትጸልዩ እኔም ከአልጋዬ ላይ አብሬ አሜን እላለሁ።" ለስድብ ብሎት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ከልቡ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው የምንጸልይ መስሎት ነው። መስታወት ቆራጩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የእናቱን ነገር መደበቅ አልቻልኩም፣ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ "ምን ምን አልኩ?" ብሎ ጠየቀኝ። መስታወት ቆራጩ እያፈረ ነገረው፦ አለቃህን ታማለህ፣ መንጃ ፈቃድ ትማራለህ፣ ወፍረሃል። ከንፈሩ ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ "እናቴ ደስ አላት?" አለ። በጣም ደስ እንዳላት ነገርኩት። "እንግዲያው ተዉት፣ እንደዚያው ይቀጥል። የእሷ ልጅ እዚያ ደህና ይሁንላት፤ እኔ እዚህ እሆናለሁ" አለና ካውያውን አነሣ።

ነገሩን ለክትትል አገልግሎት ስብሰባ አቀረብኩ። ኃላፊያችን በጣም አዘነ፤ ጸለይንም። ከጸሎት በኋላ ቁጥሩ እንዲታረምና ከእንግዲህ እያንዳንዱ ካርድ ሁለት ጊዜ እንዲመሳከር ሐሳብ አቀረበ። ከመካከላችን ጡረታ የወጣች ነርስ አለች፣ ብዙ የማትናገር። "ቁጥሩ ልክ ቢሆንስ ኖሮ?" አለች። "ልጁ ደህና ነኝ ይላችሁ ነበር፤ እናንተም ደህና ነው ብላችሁ ትጽፉ ነበር። እረኛው ተነሥቶ ሄደ ነው የተባልነው፣ ደወለ አልተባልንም።" የራሷን ካርዶች ቦርሳዋ ከታ ወጣች። ዛሬ ከስድስታችን ሦስታችን በእግራችን እንሄዳለን፤ ሁለቱ አሁንም ይደውላሉ፤ አንዱ ተቀይሞ አገልግሎቱን ተወ። እኔም በካርዶቼ ላይ ካሉት አሥር ሰዎች አንዷን ሌላ ጉባኤ ደስ ብሏት ስታገለግል አገኘኋት፤ ጠፋች ስንላት መክረማችንን ስትሰማ ሳቀችብኝ። አንዱ ደግሞ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው። ደግሜ ሄድኩ፣ ደግሞ ዘጋው። እኔ ግን ቢያንስ ቤቱን አውቄዋለሁ።

ይህን ሰሞን ስተኩስ የማስበው የእርስዎን የሰዋስው ትምህርት ነው። "የአረፍተ ነገሩን ባለቤት ፈልጉ" ይሉን ነበር። እኛ ቁልፍ ሲጠፋብን "ቁልፉ ጠፋብኝ" እንላለን፤ ቁልፉ በእግሩ ተነሥቶ የሄደ ይመስል ጥፋቱን ለእሱ ሰጥተን እኛ ተበዳይ እንሆናለን። የጣለው ሰው አረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ጭምቱንም "ጠፋብን" ብለን አልቅሰንለታል። እሱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ በሩን ገርበብ አድርጎ ቁጭ ብሎ ነበር። ጣልነው ማለት ነበረብን። ለጠፋ ሰው ማልቀስ ቀላል ነው አባባ፤ ለጣልነው ሰው ግን ለቅሶ አይበቃም፣ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ይጠይቃል። ጌታ ለእኔ ያደረገው ይህንኑ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ለሌላው ለማድረግ ሃያ ደቂቃ መንገድ ከበደኝ።

አድራሻዬ የተለወጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ጭምቱ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ስለማይችል የድሮ ክፍሌን ትቼ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ምድር ቤት ያለች ክፍል ያዝኩ። የቦይለሩ ቧንቧ በግድግዳው ስለሚያልፍ ሙቀት አላት፣ ለአጥንቱ ተስማምቶታል። ደስ ብሎት ተከተለኝ ብዬ አልዋሽዎትም፤ ሦስት ጊዜ ለምኜው በአራተኛው መስታወት ቆራጩ ዕቃውን ተሸክሞ ስለወጣ ነው የመጣው። አሁን የሰው ካውያና ማራገቢያ እዚሁ ይጠግናል። የእኔንም የልብስ አጠፋጠፍ ይተቻል። መስታወት ቆራጩ በየዕረፍት ቀኑ እየመጣ ያን የአለቃውን ማስነጠስ ያሰማዋል፤ ጭምቱ ሲስቅ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ወደ ውጭ ወጥቼ ነው አምላኬን ያመሰገንኩት። ጉባኤ ግን ሁለቱም አልመጡም። ጭምቱን እስካሁን ና አላልኩትም፤ ገና የመጠየቅ መብት ያለኝ አይመስለኝም። ለመስታወት ቆራጩ ጥያቄም መልስ አላገኘሁም፤ በየሳምንቱ በስሙ እየጠራሁ እጸልይለታለሁ፣ ይህንንም ነግሬዋለሁ።

የቀረው የእናቱ ነገር ነበር። እውነቱ ይነገራት ስለው በእምቢታ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም እሺ ብዬ ሌላ የውሸት "ደህና" ልጽፍልዎት አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው ሁለት ወር ሙሉ የጠፋሁብዎት። በዚያ ላይ ለእሷ ምሥጢር መንገር እንዴት እንደሆነ እሱም ያውቀዋል፤ ጮኸው ካልነገሯት አትሰማም፣ ጮኸው ከነገሯት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። "የእኔ እግር ግድግዳ ለግድግዳ ሲጮህ እንዲውል አልፈልግም" አለኝ አንድ ቀን፤ ከእሱ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

ባለፈው እሑድ ግን፣ ጥቅሉን ፈትቶ የማያውቅ ልጅ፣ ሱሪውን አወጣና ለበሰ። ቀኙ ልክክ አለ። ግራው ከብረቱ ጋር አልገባ ብሎ ጨነቀው፣ ሲገባም ታችኛው ጫፍ መሬት ለመሬት ተጎተተ። እኔ በመርፌ ቁልፍ ልይዘው ጎንበስ ስል "ተወው፣ ሜትር አምጣ" አለኝ። ከልብስ ማጠቢያው ሜትር አምጥቼ እሱ እየነገረኝ ለካሁት፤ ቁጥሩን ግን ለእኔ ሰባት አላመነም፣ ራሱ ጻፈው። "እናቴ ፊደል አታነብም፤ ልክ ግን ታነባለች። ይህን ላክላት፤ ሰው አይጩህባት" አለ። ወረቀቷ እዚህ ውስጥ ታጥፋ አለች፤ ሱሪ ሥሎ በየእግሩ ላይ ቁጥሩን አስፍሯል። ቀኝ እግር 102፣ ግራ እግር 97፣ የግራ ጭን ዙሪያ ከብረቱ ጋር 68። ከሥሩ ስሙን ጽፏል። እሷ የምታውቃት ፊደል ያች ስሙ ብቻ ናት፤ ዕቃዎቹ ላይ ሁሉ በክር ስትጠልፍለት የኖረችው።

እንግዲህ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእማዬ ጉልበቷን በሙቅ ጨርቅ እንድትይዘው፣ ደረጃውንም እንድትተው ይንገሩልኝ። ለእትዬና ለባለቤቷ፣ መንትዮቹንም ሁለቱንም እኩል ይሳሙልኝ፤ አንዷ ስትሳም ሌላዋ እንደምታለቅስ ጽፋልኛለች። ታናሼን ሰባትን በደንብ መጻፍ ይማር ይበሉልኝ፤ የሚስቅ ከሆነ ይህን ደብዳቤ አንድ ቀን ያንብብ። መስታወት ቆራጩ ለልብስ ሰፊዋ ሰላም በሉልኝ ብሏል፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እርስዎ ያስረዷታል። ጭምቱ ለእርስዎ እጅ ነሥቷል።

አባባ፣ ወረቀቷን ሲሰጧት እባክዎ ከአጠገቧ ይቀመጡ፣ ቶሎም አይነሡ። ምንም አይናገሩ። ቀኙን ታያለች፣ ግራውን ታያለች፣ ከዚያም "ይሄ ልጅ ልክ ተሳስቷል" ብላ ቀና ትላለች። ያኔ ራስዎን ግራና ቀኝ ይነቅንቁላት። ሦስት ጊዜ ነው የለካነው።

ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ ከምድር ቤቱ ክፍል
የካቲት 3 ቀን 2012 ዓ.ም.